የተረፈችው ጊደር

ሰደድ እሳቱ ከጫካው ወርዶ መንደሩን ከለበለበው ሦስት ወር አልፎታል። ያም ሆኖ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ የያዘውን ትቶ አፍንጫውን ወደ ጫካው ያዞራል። ሴቶች ያጠቡትን ልብስ ከገመድ ላይ እያወረዱ ያሸታሉ፤ ጭስ ጭስ ያላቸው ሲመስላቸው መልሰው ይዘፈዝፉታል። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ አንድ ቀን ለሳይንስ ትምህርት ሻማ ሊያበራ ክብሪት ቢጭር፣ ክፍሉ በአንድ አፍታ ባዶ ቀረበት። ልጆቹ በበርም በመስኮትም ዘለው ወጥተው የተገኙት ወንዙ ዳር ነው፤ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው።

የእንስሳት ሐኪሟ ይህን ሁሉ ታያለች። ሥራዋ ከቤት ቤት ነው፤ በዚያች በር አልገጥም ባላት ፒካፕ መኪናዋ ክትባትና ፋሻ ጭና ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ትዞራለች። ሰው ስለ ራሱ ስትጠይቀው «ተመስገን፣ ደህና ነን» ብሎ ይዘጋባታል። ስለ ላሙ ስትጠይቀው ግን አፉ ይፈታል። «እንቅልፍ የላትም፣ ሌሊቱን ስትንቆራጠጥ ነው የምታድረው» ይላታል፤ ላሚቱን ብታያት እንደ ድንጋይ ተጋድማ ታመሰኳለች።

እሷም ብትሆን ደህና አይደለችም። እሳቱ ከጠፋበት ማግስት ጀምሮ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ተቃጥለው መዳን የማይችሉ ስልሳ ሦስት ከብቶች በመርፌ አሳርፋለች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ «ሌሊቱን ስታወሪ ነው ያደርሽው» ስትላት «ሕልም ነው» ብላ ታልፋለች። ሕልም ግን አልነበረም፤ ቆጠራ ነበር።

ከስልሳ ሦስቱ አስራ አንዱ የጋሽ ቀስበል ላሞች ናቸው። ጋሽ ቀስበል ማለት ከመንደሩ በላይ፣ ከጫካው ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ ሚስታቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው መንደርተኛው ነው፤ ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለሚፈላ ድስትም «ቀስ በል» ሳይሉ ስለማይውሉ። የዚያን ቀን እያንዳንዷን ላም አንገቷን አቅፈው ይዘውላት፣ በጆሮዋ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» እያሉ ነው መርፌው የገባው። አስራ ሁለተኛዋ ጊደር ነበረች። ኮቴዋ ተልጦ፣ የዓይኗ ቆብ አብጦ ተጋድማለች። ሐኪሟ መርፌውን ሞልታ ስትጠጋ ጋሽ ቀስበል እጇን ያዙ።

«ይቺን ተያት። እስከ ነገ እንያት» አሉ።

«ጋሼ፣ ማሰቃየት ነው የሚሆነው።»

«እስከ ነገ።»

በማግስቱ ጊደሯ ውሃ ጠጣች። በአስረኛው ቀን ቆመች። ሰው ሁሉ ተአምር ነው እያለ ሊያያት መጣ፤ ሐኪሟ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጊደሯን ባየች ቁጥር ስልሳ ሦስቱን እንደ አዲስ ትቆጥራለች። ይቺ ከዳነች ከሌሎቹ ስንቱ ይድን ነበር? ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገረችውም። ከበረት በረት ይዛው ትዞራለች።

ከእሳቱ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው አንድ ነርስ ተመድቦ መጥቶ ነበር። ሥራው የታመመ ገላ ማከም ሳይሆን የተጨነቀን ሰው ማነጋገር ነው። ቁመቱ ሎጋ ስለሆነ ሞተር ሳይክሉ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጆሮው ሊደርስ ምንም አይቀረው። በመጀመሪያው ሳምንት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሃያ ወንበር ደርድሮ ሕዝቡን ጠራ። የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የአዳራሹ ጥበቃ፣ ሌላው ዘር የሚታደል መስሏቸው ጆንያ ይዘው የመጡ አዛውንት።

ነርሱ ወደ ሐኪሟ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔን ሲያዩ በር ይዘጋሉ። ‹ማን አብዷል ብሎህ ነው?› ይሉኛል» አላት። «አንቺ ግን ጓዳቸው ድረስ ትገቢያለሽ።»

«እኔ እኮ የላም ሐኪም ነኝ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ላሙን እያየሽ ሰውየውንም እይልኝ። የማይተኛውን፣ ምግብ የተወውን፣ ከሰው የሸሸውን ንገሪኝ። ደግሞ...» ትንሽ አሰበ፤ «ሲጨነቅ ከርሞ ድንገት ቅልል ያለው ሰው ካየሽ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ እሱን ለነገ አትበይው።»

ሐኪሟ እሺ አለችው። ልቧ ግን አልተቀበለውም። የራሷን እንቅልፍ ማስተካከል ያቃታት ሰው የሌላውን እንዴት ትጠብቃለች?

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ቀስበል አንድ የመንደር ልጅ ላኩባት። «ከቻልሽ ዛሬ ብቅ በይ። ጊደሯን ለወንድሜ ልሰጣት ነው። ጤነኛ ናት የሚል ወረቀት ጻፊልኝ» የሚል ነበር መልእክቱ።

ከሰዓት በኋላ ሄደች። ቀኑ ነፋሻ ነበር፤ የከሰሉት ዛፎች እየተፋተጉ ይንቋቋሉ፣ አመዱ እንደ ዱቄት ከመንገዱ ላይ ይነሳል። የጋሽ ቀስበል ቤት ግማሽ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ዓይን ይወጋል። ግድግዳውን ከጥላሸት አጥበውት እጃቸው እስከደረሰበት ነጭ ሆኗል፤ ከዚያ በላይ እንደጠቆረ ቀርቷል። ውስጥ ስትገባ ወለሉ ተጠርጓል፣ ብርጭቆዎቹ ታጥበው በጨርቅ ላይ ተደፍተዋል፣ ጠረጴዛው ላይ በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። ጋሽ ቀስበል ጺማቸውን ተላጭተው ንጹህ ሸሚዝ ለብሰዋል።

«ዛሬማ ሙሽራ መስለዋል» አለቻቸው።

«ሰው አንዳንዴ ራሱን ማየት አለበት ብዬ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ጥርሳቸውን አይታ አታውቅም። እሰይ፣ አንድ ሰው እንኳ ከጭንቅ ወጣልኝ ብላ እፎይ አለች። ጊደሯን ቶሎ ቶሎ አየቻት፤ ኮቴዋ ጠንክሯል፣ የዓይኗ ቆብ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሌላው ደህና ነው። ወረቀቱን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም መታችበት።

ልትወጣ ስትል ጋሽ ቀስበል ውሻቸውን በገመድ ይዘው መጡ። እሳቱ ወገቡን የላጠው፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ሽማግሌ ውሻ ነው።

«ይሄንንም ውሰጂው። አንቺ ጋ ይሻለዋል። እኔ እንግዲህ ወዲያ ወዲህ ማለቴ አይቀርም» አሉ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«እስኪ እናያለን።»

ውሻውን ራሳቸው አንስተው ከመሪው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እጇን ጨብጠው ቶሎ አለቀቋትም። «ስለ ላሞቹ ነገር በእኔ በኩል ቅሬታ የለም፣ ዶክተርዬ። አንቺም አይኑርብሽ» አሏት። ዓይኗ እንባ ሞላ። መኪናዋን አስነስታ ወጣች።

ድልድዩን እስክትሻገር ድረስ ደስ ብሏት ነበር። ሦስት ወር የተሸከመችው ነገር ጥቂት የቀለላት መሰላት። ውሻው ግን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በመስታወቱ እያየ፣ ጥርሱን እንደሚያመው ሕፃን ያላዝናል። ልታባብለው እጇን ዘረጋች። «ዝም በል፣ ትለምደኛለህ። ጌታህ ሊሄዱ ነው» አለችው፤ የገዛ ድምፅዋ ጆሮዋ ላይ ቀረ።

ወዴት ነው የሚሄዱት? ጋሽ ቀስበል ከገበያው አልፈው ሄደው አያውቁም። ወንድማቸው ቤት እንኳ ሲያድሩ አልጋው አይመቸኝም ብለው በውድቅት ይመለሳሉ ይባላል። ጊደሯን ለወንድማቸው፣ ውሻውን ለእሷ። የተደፉት ብርጭቆዎች። በፌስታል የተጠቀለሉት ወረቀቶች። ቅሬታ የለም ያሉት። ነርሱ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ ያላት ትዝ አላት። ፍሬኑን ስትረግጠው ውሻው ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ።

ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም፤ ምሰሶው በእሳቱ ከተቃጠለ ወዲህ የሚይዘው የውሃ ታንከሩ ያለበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ጉብታው ሰባት ደቂቃ ወደፊት፣ ጋሽ ቀስበል ቤት አስር ደቂቃ ወደኋላ። መሪውን ጨብጣ ወዲያም ወዲህም ሳትል ቆየች። የምታጠፋው እያንዳንዱ ደቂቃ ከእሳቸው ዕድሜ ላይ የሚቀነስ መሰላት። ብቻዋን ተመልሳ ምን ትላቸዋለች? ባትመለስስ? በመጨረሻ ነዳጁን ረግጣ ወደ ጉብታው በረረች።

ነርሱ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። ወንዙ ማዶ ያለው መንደር ውስጥ ነበር። የምትለውን ሳያቋርጥ ሰማት።

«ተመለሺ፣ አሁኑኑ። እኔም መንገድ ላይ ነኝ፤ ግን ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። በቀጥታ ጠይቂያቸው። ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል ወይ ብለሽ፣ በዚሁ ቃል።»

«ያላሰቡትን ሐሳብ ባስገባባቸውስ?»

«በመጠየቅ አታስገቢባቸውም። ካልጠየቅሽ ግን ከሐሳቡ ጋር ብቻቸውን ትተያቸዋለሽ። አዎ ካሉሽ አትደንግጪ፤ ብትደነግጪም ተቀመጪ። ምክር አታብዢ። ብቻቸውን አትተያቸው፣ ራሳቸውን የሚጎዱበት ነገር ካለ ከእጃቸው አውጪው። በቃ ይሄው ነው።»

ስትመለስ ድልድዩ ላይ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ገጠማት። ድልድዩ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ሹፌሩ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ከአንድ መንገደኛ ጋር እንቁላል ስለሚያህል በረዶ ያወራል። ጡሩምባዋን አስጮኸችው።

«እህቴ፣ ምን ያጣድፍሻል? ምጥ ነው?» አላት።

«አዎ፣ ምጥ ነው። ወደኋላ በልልኝ» አለችው። ፊቷን ሲያይ ቀልዱ ከአፉ ላይ ጠፋ፤ ያንን ሁሉ ጭነት ይዞ ወደኋላ ተንፏቆ አሳለፋት።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደነዳችው አታስታውስም። መሪው በላብ ይንሸራተታል። ከንፈሯ ብቻውን «ቆዩኝ፣ ጋሼ፣ ቆዩኝ» ይላል።

የቤቱ በር ተዘግቷል። ብታንኳኳ መልስ የለም። በመስኮት ብታይ ጠረጴዛው፣ ፌስታሉ፣ ብርጭቆዎቹ እንዳሉ ናቸው። ተጣራች። ቆርቆሮው በነፋስ ከመንኳኳቱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። በሩን በትከሻዋ ገፋችው። በዚህ መሃል ውሻው ክፍት በተወችው የመኪና በር ዘሎ፣ ገመዱን እየጎተተ ወደ ጓሮ ሮጠ። ተከተለችው።

ጋሽ ቀስበል የተቃጠለው በረት ውስጥ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል። ከበረቱ የቀረው የድንጋይ መሠረቱና አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ውሻው ጉልበታቸው ሥር ተወሽቋል፤ እሳቸው አልነኩትም፣ አላባረሩትምም።

«ምን ረሳሽ?» አሏት።

 አመዱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ቅር አይበሉኝ።»

«ጠይቂ።»

«ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ መልሳ ብትውጠው ደስ ባላት። አሁን ይቆጣሉ፣ ውጪልኝ ይላሉ ብላ ጠበቀች። ጋሽ ቀስበል ግን አልተቆጡም። ትከሻቸው ከባድ ጭነት እንደወረደለት ሰው ዝቅ አለ።

«አዎ» አሉ።

«መቼ?»

«ዛሬ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ።»

አትደንግጪ ተብላለች፤ ደነገጠች። ብትደነግጪም ተቀመጪ ተብላለች፤ ተቀመጠች። እጇን አመዱ ውስጥ ቀበረች።

«እኔ ነኝ ያሰርኳቸው» አሉ ጋሽ ቀስበል፣ ሳይጠየቁ። «መኪናው በድምፅ ማጉያ ውጡ፣ ውጡ እያለ ሲያልፍ፣ እኔ ቀስ በሉ አልኩ። ነፋሱ ሽቅብ ነው፣ ወደ እኛ አይመጣም አልኩ። ከብቶቹ እንዳይበረግጉ ብዬ አንድ በአንድ አሰርኳቸው። እኔ ደግሞ ስቋጥር አይፈታም፤ ታውቂዋለሽ። ነፋሱ ሲዞር ቢላ ፍለጋ ቤት ገባሁ። ስወጣ በረቱ...» አልጨረሱትም።

የእርስዎ ጥፋት አይደለም ልትል ነበር። ግን ይህን ወንድማቸውም፣ ጎረቤቱም፣ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ እንዳላቸው ታውቃለች፤ የፈየደው ነገር የለም። ስለዚህ «እስኪ ይንገሩኝ፣ እሰማለሁ» አለች።

ነገሯት። ላሞቹን አንድ በአንድ አነሱላት። ቀንደ ቆልማማዋ ሲያልቧት ካልዘፈኑላት ወተት የምትከለክል ነበረች። ሆዳሟ የሚስታቸውን ሻሽ በልታ ሁለት ቀን ተኮራርፈዋል፤ ሚስታቸውና ላሟ ማለት ነው። ይህን ሲሉ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ከጉሮሯቸው ወጣ። ከዚያ በቃ አለቀሱ፤ እንደ ሕፃን ልጅ፣ በአፍንጫም በዓይንም። ሐኪሟ አላባበለቻቸውም። ፀሐዩ ከአንዱ የግድግዳ ድንጋይ ወደ ሌላው እስኪሸጋገር አለቀሱ።

ሲበርድላቸው እሷ ጀመረች። ልትናገር አስባ አልነበረም።

«እኔም የማልነግረው ነገር አለኝ። ያቺ ጊደር ከዳነች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እርስዎ እጄን ባይዙኝ ገድያት ነበር። ሌላ ስንት መዳን የሚችል ገደልኩ እያልኩ ነው የማድረው።»

ጋሽ ቀስበል ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው አዩዋት። «ስለ ሰው ከብት አላውቅም» አሉ። «ስለ እኔዎቹ ልንገርሽ። አንገታቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቆይ ያልኩሽ ለዚያች ብቻ ነው። ሌሎቹን ዓይናቸውን አይቼ ነው ዝም ያልኩሽ። እንዲያርፉ ፈልጌ ነው።» ከዚያ «ይሄን ሦስት ወር ሙሉ ብቻሽን ይዘሽው ዞርሽ?» አሉ።

«እርስዎስ?»

 ኪሳቸውን ፈትሸው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አወጡና መዳፏ ላይ አኖሩት። ምን እንዳለበት አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልነገሯትም። ቁልፉን ኪሷ ከታ ዚፑን ዘጋችው።

ነርሱ ሲደርስ ጫማው፣ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ ሳይቀር አመድ ለብሶ ነበር። ጋሽ ቀስበል አዩትና «አንተ ነህ እንዴ ያ ወንበር ደርዳሪው?» አሉት። «እኔ ነኝ፣ አባቴ» አለና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ብዙ አላወራም። ዛሬ ብቻቸውን እንደማያድሩ፣ ነገ ከተማው ሆስፒታል አብረው እንደሚሄዱ፣ ይህ ሕመም እንደሚታከም፣ ብዙ ሰውም ከዚህ እንደወጣ ነገራቸው። ጋሽ ቀስበል ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ፤ በሦስተኛው «ውሻውንስ ማን ያበላዋል?» ብለው ጠየቁ። ነርሱና ሐኪሟ ተያዩ፤ «እስኪመለሱ እኔ ጋ ይቆይልዎታል» አለች ሐኪሟ። ወንድማቸው ተጠርቶ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ ከንፈሩን ነክሶ ፍራሹን ከወንድሙ አልጋ ሥር አነጠፈ።

ጋሽ ቀስበል ሆስፒታል አምስት ሳምንት ቆዩ። መድኃኒት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው አልስማማ ብሏቸው በሌላ ተለወጠላቸው። ሲመለሱ ከስተዋል፣ ዝም ይላሉ፣ ነፋስ ሲነሳ አሁንም ከቤት ወጥተው ይቆማሉ። ግን ይበላሉ፤ ይተኛሉ።

ነርሱ ወንበር መደርደሩን ተወ። የክትባት ቀን ሲሆን የሐኪሟ የመድኃኒት ሳጥን አጠገብ፣ ከብቶቹ ከሚሰለፉበት ጥላ ሥር አንድ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል። ከብቱን ለማስከተብ የመጣ ሰው ተራ እስኪደርሰው አጠገቡ ያርፋል፤ ስለ ላሙ ጀምሮ ስለ ራሱ ይጨርሳል። አንዲት እናት አራት ጊዜ ያችኑ አንድ ፍየል ይዛ መጣች፤ ፍየሏ ከተከተበች ቆይታለች፣ ሐኪሟ ግን ተራ ትሰጣታለች። ከሁሉ በፊት በርጩማው አጠገብ የተቀመጠችው ራሷ ሐኪሟ ናት። ሕዝቡ እያያት፣ ጓንቷን አውልቃ ተቀመጠች፤ ለመጀመር ብዙ ደቂቃ ፈጀባት።

አሁን በወር አንድ ቀን ጋሽ ቀስበልን በፒካፗ ወደ ከተማ ትወስዳቸዋለች። ባለፈው ማክሰኞ በሆስፒታሉ ኮሪደር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር። አግዳሚው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጋሽ ቀስበል ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ያጥፏታል፣ ይዘረጓታል።

«ይሄ ሳምንት ከበደኝ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ወደ እሳቸው ዞረች። «እንደዚያን ቀን?»

«እንደዚያን ቀን አይደለም። ግን ከበደኝ። እንድታውቂው ነው የነገርኩሽ።»

«ደግ አደረጉ» አለች። እሷም ከባድ ሳምንት ነበር ያለፋት፤ ነገረቻቸው። ጋሽ ቀስበል ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ እሷ ጠጋ አሉና ለምታነክስ አንዲት ሴት ቦታ ለቀቁ። ተራ ጠሪዋ ነርስ በሩን ከፍታ ቁጥር ጠራች። የእሳቸው አልነበረም፤ ገና አራት ሰው ከፊታቸው አለ። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ እንደገና ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አብራቸው ጠበቀች።